«እርዳታ እንጀራ መሆን የለበትም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወሎ ልጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተውን «እርዳታ እንጀራ መሆን የለበትም» የሚል ጽሑፍ አነበብነው። በቁጭት የተጻፈ ነው፤ ቁጭቱንም እንጋራዋለን። የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ በጎ አድራጎት የልብ ሥራ ስለሆነ ደመወዝ አያስፈልገውም። ለተረጂ ከመጣ ገንዘብ ላይ ከመቶ አስሩን እንኳ ለአስተዳደር ማዋል ስርቆት ነው። ወሎ ቅሬና ጅጌ (እድርና ደቦ) እያለው የእርዳታ ባለሙያ አይሻም። ከ1966 ጀምሮ እርዳታ ሲጎርፍ ኖሮ ወሎ ዛሬም ስለሚራብ፣ በዚህ ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰዎች ያተረፉልን ጠባቂነትን ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሁለት ዓመት በነጻ አገልግሎ ወደ «እውነተኛ ሥራ» ይሂድ።

እኛ በዚሁ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። የምንመልሰው ግን ጸሐፊው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል አይደለም። ከሁሉ በላይ ሰው ይጎዳል ብለን ከምንሰጋበት እንጀምራለን። እሱም «የተራበን ለማብላት ልብ ይበቃል» የሚለው ነው።

አንድ ሺህ ተረጂ ያለበትን ቀበሌ እንውሰድ። በአገራችን የተለመደው የአስቸኳይ ጊዜ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለሺህ ሰው ሲባዛ 150 ኩንታል እህል፣ 15 ኩንታል ጥራጥሬና 4.5 ኩንታል ዘይት ይሆናል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ አራት ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው። እህሉ የሚመጣው በ50 ኪሎ ጆንያ ስለሆነ አንዱን ጆንያ ለ15 ኪሎ ማካፈል ትራፊ ያመጣል። ተረጂውን አስር አስር አድርጎ መመደብ ግን ልክ ይመጣል፤ ለአስር ሰው ሦስት ጆንያ። ዘይቱ ደግሞ በአራት ሊትር ጣሳ ነው፤ ክብደቱ 3.7 ኪሎ ገደማ ስለሆነ የሚዳረሰው ለስምንት ሰው ነው። የእህሉና የዘይቱ ምድብ ስለማይገጥም ሁለቱም እኩል የሚያልቁት ሰዉ በአርባ በአርባ ሲሰለፍ ነው፤ 12 ጆንያና 5 ጣሳ። ጥራጥሬው በሚዛን ይሰፈራል። ይህን ከዋዜማው ያላሰላ አዳይ በስርጭቱ ዕለት በጣሳ መስፈር ይጀምራል፤ የጣሳ ልክ ደግሞ እንደ ሰፋሪው እጅ ነው። ሲመሽ መጨረሻ የቆሙት ይጎድልባቸዋል። መጨረሻ የሚቆሙት ደግሞ ሩቅ ጎጥ ያሉ፣ ሽማግሌዎችና ሕፃን ያዘሉ እናቶች ናቸው።

ራሽኑ ትርፍ የለውም። እህሉ በቀን ግማሽ ኪሎ ነው፤ ከጥራጥሬውና ከዘይቱ ጋር ተደምሮ የሚሰጠው ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያዘው መለኪያ 2,100 ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በደግነት የሚደረገው «ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ይድረስ» የሚል ክፍፍል የሚመስለውን ያህል ቀላል ነገር አይደለም። የ600 ሰው ኮታ ለ900 ሲበተን 15 ኪሎው 10 ይሆናል። ደኅና ጎተራ ያለው ገበሬ 10 ኪሎ ይደረብለታል፤ ምንም የሌላት ባልቴት ወሩን በሁለት ሦስተኛው ራሽን ትገፋለች። ወረቀቱ ላይ ግን 900 ሰው «ተረድቷል» ተብሎ ይጻፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ልየታው፣ ማለትም ማን እርዳታ እንደሚያገኝ መለየቱ ነው። ወደ ቀበሌ የሚወርደው ኮታ ከችግረኛው ቁጥር ሁሌም ያንሳል። በጎጥ ደረጃ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ስም ዝርዝር ይወጣል፣ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ሰሚው ቀን ወስዶ ያዳምጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ያለቀለት ነገር ይመስላል። ስህተቱ የሚገባው የት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሥራውን የኖረበት ሰው ነው። ፈትታ አባቷ ቤት የተመለሰች ሴት በአባቷ ስም ውስጥ ትዋጣለች። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤት «ለሌላውም ይድረስ» ተብሎ ሦስት ነፍስ ሆኖ ይመዘገባል። ልጇ አረብ አገር ያለች እናት «ብር ይላክላታል» ተብላ ትሰረዛለች፤ ልጅቱ ከደላላ ዕዳ እንዳልወጣች፣ ከሄደች ወዲህ ምንም እንዳልላከች የሚጠይቅ የለም። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ከነጭራሹ ጎጥ የለውም። እነዚህን አንድ በአንድ የሚይዘው ሠራተኛ ዝርዝሩ ሲነበብ ስም የሚጠራውን ብቻ አያዳምጥም። ማን ዝም እንዳለ ያያል፤ ስብሰባው በገበያ ቀን ወይም በጁምዓ ሶላት ሰዓት እንዳይውል አስቀድሞ ይጠነቀቃል፤ ዝርዝሩን ካለፈው ዓመት ጋር ያስተያያል። ዲግሪው ይቅር፤ ሁለትና ሦስት የልየታ ዙር በአንድ ወረዳ ያልቆየ ሰው ግን ይህን አይችልም።

ሕፃናቱ ዘንድ ደግሞ ያላወቀ ደግነት ይገድላል። በድርቅና በመፈናቀል ጊዜ የዱቄት ወተትና ጡጦ የሚልኩ ብዙ ደጋግ ሰዎች አሉ። ንጹሕ ውሃ በሌለበት መጠለያ፣ ጡጦ የሚቀቀልበት ማገዶ በሌለበት፣ ያ ወተት ተቅማጥ ነው የሚያመጣው። እናቲቱም ማጥባት ስትቀንስ ጡቷ ይደርቃል፤ ከወር በኋላ ወተቱ ሲያልቅ ሕፃኑ ሁለቱንም ያጣል። በመጠለያ የዱቄት ወተት በጅምላ አይታደልም የሚባለው ለዚህ ነው።

ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ በምግብ እጥረት መጎዳቱ የሚታወቀው በግራ ክንዱ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ በቴፕ ሲለካ ነው። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ እስከ 12.5 ያለው መካከለኛ። ቴፑ ሲጠብቅ ያልታመመ ልጅ ታመመ ይባላል፤ ሲላላ የታመመው ያመልጣል፤ ሁሉም ነገር የሚወሰነው በጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም እግሮች በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጭነው ጎድጉደው ከቀሩ ክንዱ የፈለገውን ቢያሳይ ልጁ በከባድ ደረጃ ይመደባል። ያበጠ ልጅ ወፍራም መስሎ ስለሚታይ ያልሠለጠነ ዓይን ያልፈዋል። ከዚያ ፕላምፒ ነት የሚባለው በለውዝ የተሠራ የሕክምና ምግብ ቀርቦለት መብላቱ ይታያል። ከበላና ሌላ ሕመም ከሌለው ቤቱ ሆኖ ይታከማል፤ እንቢ ካለ ወይም ከባድ ሕመም ካለበት ወደ ማረጋጊያ ማዕከል ይላካል። ማዕከሉ ውስጥ የሚጀመረው በገንፎና በእንቁላል አይደለም። በየሦስት ሰዓቱ በሚሰጥ ኤፍ 75 በተባለ ቀላል ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው። የተጎዳ ሰውነት ከባድ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲጫንበት ልብ ይደክማልና። ለዚያ ልጅ ደግ ሰው አንድ ሳህን ገንፎ ቢያበላው በአንድ ሌሊት ሊያጣው ይችላል።

ቤቱ ሆኖ የሚታከመውም ሥራ አለው። እያንዳንዱ የፕላምፒ ነት እሽግ 92 ግራም፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ልጁን ለማዳን የሚበቃው ሌላው የቤቱ ሰው ካልተጋራው ነው። ቤተሰቡ ራሽን ካልደረሰው እናት ለአራቱም ልጆቿ ማካፈሏ አይቀርም፤ ማንም እናት ታደርገዋለች። ስለዚህ የሥነ ምግቡ ባለሙያ የእህሉን ዝርዝር ከፍቶ የዚያን ልጅ ቤት ካልፈለገ ሕክምናው ከንቱ ነው። ክብደቱ በየሳምንቱ የማይጨምር ልጅ ሲያይ እናቲቱን ከመቆጣቱ በፊት እቤት የደረሰውን እህል ይጠይቃል።

ወደ ደመወዙ እንምጣ። ጸሐፊው ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ጠቅሰው «እሳቸው ማን ደመወዝ ከፈላቸው?» ብለዋል። ወይዘሮ አበበች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም መጥተው የወሎን ረሃብ በዓይናቸው አይተው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ፤ ትዳራቸውንም ሥራቸውንም ለዚያ ሰጡ። ይህን የሚያሳንስ የለም። ነገር ግን እሳቸው በ2013 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሥራው የዘለቀው ቤታቸው ድርጅት ስለሆነ ነው፤ ሞግዚትም፣ አስተማሪም፣ ሒሳብ ያዥም የሚሠሩበት፣ እነሱም ልጆች የሚያሳድጉበት ድርጅት። ለሞግዚቷ ደመወዝ ባይከፈል ኖሮ ልጆቹ በየወሩ አዲስ ሰው «እማማ» ሊሉ ነበር።

«በነጻ ይሠራ» ሲባል ማን ሊሠራው እንደሚችል ይታሰብ። የደላንታ ወይም የመቄት ገበሬ ልጅ ተምሮ ሲጨርስ ከታች ያሉ እህቶቹን የማስተማር ዕዳ አለበት፤ በነጻ መሥራት የሚችለው አባቱ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ፎቅ ያለው ልጅ ነው። በልጅነቱ ሴፍቲኔት የበላውን፣ ልየታ ምን እንደሆነ በሆዱ የሚያውቀውን ልጅ ከሥራው አስወጥተን ለማያውቀው እንሰጠዋለን ማለት ነው። በነጻ የሚሠሩትማ ዛሬም ሞልተዋል። የጎጥ ኮሚቴው፣ የዋሽኮ (የውሃና ንጽሕና ኮሚቴ) አባላቱ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት ሴቶች አበል እንኳ የላቸውም። ሥራው ሁሉ በነጻ ይሁን ቢባል ሸክሙ የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው።

መጋዘን ጠባቂውንም እናስበው። እህል በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ሰው ዙሪያውን ዞሮ እስኪቆጥረው ከግድግዳ ርቆ ይደረደራል፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፤ በየክምሩ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ ከክምሩ ጋር መግጠም አለበት። ሦስት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው እጅ ላይ ይህን ሁሉ መጣል እሱንም እህሉንም መበደል ነው። በ2015 ማብቂያ እህል ወዳልታሰበለት ቦታ ሄዷል ተብሎ በመላ አገሪቱ ስርጭት ሲቆም ከማንም በላይ የተቀጣው ተረጂው ነበር። ጸሐፊው ያንን ለነጻ አገልግሎት ማስረጃ አድርገው አቅርበውታል። ለእኛ የሚያሳየን ቆጣሪ፣ ተቆጣጣሪና ተጠያቂ ሰው እንደሚያስፈልግ ነው፤ በበጎ ፈቃድ የመጣን ሰው ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ስለ አስተዳደር ወጪ ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው ከመቶ 20 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በአዋጅ 621/2001 ዘመን የነበረው 70/30 መመሪያ (ከመቶ 70 ለሥራው፣ ቢበዛ 30 ለአስተዳደር) ሥልጠናና ክትትልን ጭምር በአስተዳደር ይቆጥር ስለነበር ድርጅቶች መጀመሪያ የሚቆርጡት ክትትሉን ነበር። አስር ከመቶ እንኳ የማይፈቅደው የጸሐፊው ሐሳብ ወደዚያው ይመልሰናል። ያኔ ምን እንደሚሆን አንድ የእጅ ፓምፕ ያሳያል። በቆላው ብዙ ቦታ የተተከለው አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያጠጣል። ውስጡ ዩ ሲል የሚባል የጎማ ቀለበት አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ አለበት። ቧንቧው ሳይነቀል ፒስተኑን ከነዘንጉ ስቦ በማውጣት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ቀለበቱ ሲያልቅ ሴቶቹ ውሃ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ በኃይል ሲመታ የእጀታው መሸከሚያ ይበላል፤ ከዚያ ፓምፑ ይቆማል፤ ሰዉ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የጠፋው ቀለበቱ ብቻ ነው። ቀለበቱ የጠፋው ደግሞ ዋሽኮው የሰበሰበው ገንዘብ የት እንደተቀመጠ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛ፣ ተንከባካቢዋ አግብታ ስትሄድ ማን እንደሚተካት በዓመት ሁለት ጊዜ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ስላልነበረ ነው። የዚያ ሰው ሞተር ሳይክልና ነዳጅ ነው «ለተረጂው ያልደረሰ ገንዘብ» የሚባለው።

በሆቴል ለሚደረግ የአበል ስብሰባ ግን ጠበቃ አንቆምም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ድርቅ ተነጋግሮ ድርቁ ያለበትን ቀበሌ ሳያዩ መመለስ አሳፋሪ ነው፤ ጸሐፊው በዚህ ላይ የጻፉትን እንዳለ እንቀበለዋለን።

ቅሬን በተመለከተ ጸሐፊው ያወደሱት ሁሉ ተገቢ ነው። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተቀባብሮ፣ በአንድ ጅጌ ተራርሞ ይኖራል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለቅሬ የተባለ ይመስላል። ቅሬ የሚሠራው ግን አንዱ ቤት ሲጎዳ ሌሎቹ ደኅና ሆነው ነው። አንድ ሰው በሬው ሲሞትበት ሃምሳው ያዋጣል። በልግ ሲቀር ሃምሳውም ቤት እኩል ይራባል፤ በበልግ ብቻ በሚያርሰው ደጋ መዋጮውም ድግሱም አብሮ ይቆማል። ያኔ ከውጭ የሚመጣ እህል ያስፈልጋል፤ ከሩቅ የመጣውን እህል በትክክል የሚያደርስ ሰውም ያስፈልጋል። ጥሩ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የቅሬ ዳኛውን በር ነው። የቅሬው መዝገብ ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደለቀቀ፣ ማን ለብቻው ጎጆ እንደወጣ ያሳያልና፤ ሁለቱን መዝገቦች ማስተያየት ብቻ ብዙ የልየታ ስህተት ያወጣል።

«ከ1966 ጀምሮ ምን ተለወጠ?» ለሚለው፣ ብዙ ተለውጧል። ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን መጋቢት 1976 ላይ አደጋው እየመጣ መሆኑን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር፤ ዓለም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የኮረም ሥዕል በቴሌቪዥን እስኪታይ ሰባት ወር አለፈ፤ ኮረምና ባቲ በሬሳ የተሞሉት በዚያ መሐል ነው። በ2008 ኤልኒኖ ባመጣው ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ አስቸኳይ እርዳታ ሲያስፈልገው ሰሜን ወሎም ክፉኛ ተመትቶ ነበር፤ የኮረምና የባቲ ዓይነት መጠለያ ግን አልተደገመም። በመካከሉ ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት ነበረ፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ፣ በየኬላው ክንድ የምትለካ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ሰዉ ቀዬውን ጥሎ መንገድ ዳር ሳይወድቅ እህሉም መድኃኒቱም ወደ እሱ ሄደ። ይህን ያደረጉት ሥራቸው ብለው የያዙት ሰዎች ናቸው።

ጠባቂነት የሚባለውም ቢሆን ጠጋ ብለው ሲያዩት ሌላ መልክ አለው። ሴፍቲኔት ላይ ያለ አቅመኛ ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ ነፍስ በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ አቅም የሌለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ገበሬን የሚያደኸየው እህሉ መምጣቱ ሳይሆን ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ሰኔ ላይ ሊደርስ የሚገባው ክፍያ ነሐሴ ሲደርስ በመካከሉ ፍየሏ ትሸጣለች፣ ዘሩ ይበላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፣ የማሽላው ይሰቀላል። በመጪው ዓመት ያ ቤት ይበልጥ ተረጂ ሆኖ ይመጣል። የልማት ሥራውም እንዲሁ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ይወስዳል። መሥመሩ በአስር ሜትር ገመድና በውሃ ልክ ካልተቀየሰ ውሃው ዝቅ ባለችው ቦታ ተጠራቅሞ ይሰብረዋል፤ ከታች ያለውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። እርከን ከንቱ ነው የሚል ገበሬ ብዙ ጊዜ ያየው በጥድፊያ ለሪፖርት የተሠራውን ነው።

ሁለት ዓመት በነጻ ስለማገልገል ጥቂት ብቻ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወጣት የወረዳውን ጎጥ ለይቶ አይጨርስም። በሁለተኛው መጋዘኑንና ዝርዝሩን ማንበብ ይጀምራል፤ ማን እውነት እንደሚነግረው የሚያውቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ነው ሂድ የሚባለው።

ጸሐፊው ወደ ወሎ ሲመጡ አንድ የስርጭት ቀን ላይ እንዲገኙ እንጋብዛለን። ሦስት ነገር ይጠይቁ። የተለጠፈውን ዝርዝር ይመልከቱና በሴት ስም የተመዘገበው አባወራ ስንት እንደሆነ፣ የቤተሰቡ ቁጥር ሁሉም ጋ ሦስትና አራት ብቻ እንዳልሆነ ይዩ። የዕለቱን ሞዴል 22 ይጠይቁና ከመጋዘን የወጣውን ጆንያ ከተሰለፈው ሰው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። የቅሬታ መዝገቡን ይክፈቱ፤ ባዶ ከሆነ ሰዉ ረክቷል ብለው አይደምድሙ፣ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚጽፍበት ይጠይቁ። ሦስቱም ተሟልተው ካገኙ ያንን ያዘጋጀው ሠራተኛ ስንት ዓመት በቦታው እንደቆየ ይጠይቁልን፤ መልሱን እንደጻፉት ብናየው ደስ ይለናል።